የነጪት ሆድ፣ የዳልቻ እንቁላል

አዘዞ፣ ጎንደር
መጋቢት 14 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለወንድሜ ልጅ ለሽሎሚት ባዬ፣

እንደምን ከርመሻል? እናትሽ ሸጊቱ፣ ባልሽ ኢላን፣ ሐደራ ከተማ ያለው ዘመድ በሙሉ ደህና ነው ወይ? እኛ የእግዚአብሔር ቸርነት አልተለየንም። እንዳንቺ ያለውን የተማረ ዘመድ እግዜር ከክፉ ይጠብቅልን፤ እኛንም ከተማረ ዘመድ ይጠብቀን።

ዳልቻ ሞታለች።

አባትሽ ነፍሱን ይማረውና ወደ እስራኤል ሲወጣ፣ ከሚወለደው አንዱ ላንተ አንዱ ለእኔ ተባብለን በርቢ የሰጠኝ ፍየል ነበረች። ዳልቻ የእሷ የልጅ ልጅ ናት፤ በአባትሽ ድርሻ የደረሰች፤ ከዘሯ የቀረችውም እሷ ብቻ ነበረች። ሐሙስ ጠዋት በረቱን ስከፍት ደርቃ አገኘኋት። በጥር መጥተሽ ከእርባታ ጣቢያው የከብት ሐኪሞች ጋር ሆዷን በስታችሁ፣ ካሜራ አስገብታችሁ፣ እንቁላሏን ቀድታችሁ ከሄዳችሁ ወዲህ ሣር አሽትታ ከመተው በቀር የረባ ነገር አልቀመሰችም። አርጅታለችና ተይ ብዬሽ ነበር። አንቺ ደግሞ፣ ያረጀች ስለሆነች ነው የምንቸኩለው አልሽኝ። ይኸው እሷም ቸኮለች።

በርቢ ወግ ከብት የሞተበት ጠባቂ ቆዳውን ለባለቤቱ ያሳያል። ቆዳዋን በጨው አሽቼ ግድግዳዬ ላይ ሰቅዬዋለሁ። ከእናንተ ወገን የሚመጣ ሰው ይየው፤ ሸጠ፣ አርዶ በላ እንዳትሉኝ።

ሰፈርተኛው ይስቅብኛል። የአዝመራው ፍየል እንቁላል ጣለች አሉ፤ አንዱን በስንት ትሸጣለህ ይሉኛል። የዶሮ አይደለም፣ በዓይን የማይታይ ነው ብላቸው ጭራሽ ባሰባቸው።

የዳልቻን ፅንስ ያኖራችሁባት ነጪት ደህና ናት። ወጠጤ አይጠጋት ብለሽ ነበር። እኔ ግን ሴት ፍየል ባዶዋን አላከርምም፤ ለጠባቂ ነውር ነው። አንቺ ከሄድሽ በሁለተኛው ሳምንት ወጠጤውን ለቀቅሁባት። የእናንተ ብልቃጥ ባይሠራ የእኔ ወጠጤ ይሠራል ብዬ ነው።

አክስትሽ ጠይቃት ስላለችኝ ልጠይቅሽ። ካገባሽ ቆየሽ፤ ልጅ አልመጣም ወይ?

እግዜር ልብሽን ያለዝበው።

አጎትሽ አዝመራው


ሐደራ
ኤፕሪል 23፣ 2023

ለአጎቴ ለጋሼ አዝመራው፣

እንደምን ሰነበቱ? ለእርስዎም ለአክስቴም የከበረ ሰላምታዬ ይድረስ። ደብዳቤዎ ከፋሲካ በዓላችን በኋላ ከጎንደር በመጣ ሰው እጅ ደረሰኝ።

ስለ ዳልቻ እኔም አልቅሻለሁ። እማዬማ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ዋለች፤ ባዬ ዛሬ ደግሞ ሞተ አለች። ነገር ግን በእኔ አያላኩ። ቁስሏ በሳምንቱ ደርቆ እንደነበር ሐኪሙ አይቶ ነግሮኛል። ዕድሜዋን እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል።

የመጣሁት እኮ ለዚሁ ነው። እዚህ በሐደራ ኢንዱስትሪ ዞን ባለው ላቦራቶሪ ቀኑን ሙሉ የምሠራው የፍየል እንቁላል በማይክሮስኮፕ ማየት ነው። ጥሩዋ እንቁላል ልብሷን ደርባ የለበሰች፣ ውስጧ አንድ ወጥ የሆነ ናት። ደካማዋ ራቁቷን ትመጣለች፤ ውስጧም እንደ ተበላሸ ሊጥ የጓጎለ ነው። ከዳልቻ የቀዳናቸው አብዛኞቹ ራቁታቸውን ነበሩ። ከሁሉ አንዲቷ ብቻ ፅንስ ሆና፣ ተከፋፍላና አድጋ፣ ነጪት ማህፀን ለመግባት በቃች። ከአባቴ ፍየሎች በዓለም ላይ የቀረችው ያቺ አንዲት ናት።

እርስዎ ደግሞ ወጠጤ ለቀቁባት። ጋሼ፣ የለመንኩዎት ያንን አንድ ነገር ብቻ ነበር። አሁን ነጪት ብትወልድ የማን እንደሆነ በምን እናውቃለን? ሐኪሙ መጥቶ ይያት፤ እባክዎ አያባርሩት። ሴት ግልገል ከሆነች፣ እንደተነጋገርነው ዘሯ እንዳይጠፋ ለእርባታ ጣቢያው ትሰጥ።

አክስቴን ሰላም ይበሉልኝ።

የወንድምዎ ልጅ ሽሎሚት


አዘዞ፣ ጎንደር
ሰኔ 18 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለሽሎሚት፣

ጤና ይስጥልኝ። እኛ ደህና ነን፤ ዝናቡ ገብቷል።

ነጪት ሰኞ ዕለት ወለደች። ሴት ናት። መልኳን ብጽፍልሽ እንደምትፈነጥዢ አውቃለሁ፤ ግን ሐሰት አልጽፍም። ዳልቻ ናት። ግንባሯ ላይ ያቺው ነጭ ነጥብ አለች። ሙሉ ፀጉር፣ ሙሉ ጥርስ ይዛ ነው የወጣችው። ነጪት ገና ከመሬት ሳትነሳ ልሳ አደረቀቻት። ሰፈርተኛው መጥቶ አየና መሳቁን ተወ።

ይሁን እንጂ የእኔ ወጠጤ ጥቁር ነው። ጥቁርና ነጭ ሲገናኙ ዳልቻ ይወለዳል፤ ይህ ማይክሮስኮፕ አይፈልግም። ግልገሏ የወጠጤዬ ልጅ ናት። ነጪትም ርቢ የለባትም፣ ከገበያ የገዛኋት የራሴ ፍየል ናት። ስለዚህ ለጣቢያ የምሰጠው ነገር የለኝም። ሐኪሙ መጥቶ ነበር፤ ሞተር ሳይክሉን ሳያጠፋ እንዲመለስ ነግሬው ተመልሷል።

አክስትሽ ዛሬም ጠየቀች። ዝም ብላለች አልኳት።

አዝመራው


ሐደራ
ጁላይ 30፣ 2023

ለአቶ አዝመራው፣

ሰላም ለእርስዎ ይሁን።

በራስዎ ቃል ልርታዎ። ወጠጤውን የለቀቁት እኔ ከሄድኩ በሁለተኛው ሳምንት እንደሆነ እርስዎ ጽፈዋል። ፍየል በአምስት ወሯ እንደምትወልድ ደግሞ ሕፃን ሳለሁ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። የወጠጤዎ ቢሆን ኖሮ ነጪት የምትወልደው ሐምሌ ገብቶ ነበር። በሰኔ ሙሉ ፀጉርና ሙሉ ጥርስ ይዛ የወጣች ግልገል የእሱ አይደለችም። ያረገዘች ፍየልም ወጠጤ አታስጠጋም። አሽትቷት ትቷት እንደሄደ በዓይንዎ አይተዋል፤ አልጻፉልኝም እንጂ።

ስለዚህ ግልገሏ የዳልቻ ናት፤ ዳልቻ ደግሞ የአባቴ ናት። ነጪት ማደሪያ ናት። እኛ በሥራችን ተቀባይ እንላታለን፤ ሆዷን አዋሰች፣ በቃ። ከራሷ ዘር ለግልገሏ አንዲት ጠጉር አልጨመረችላትም።

ይህንን የምጽፈው ናሓል ሐደራ ወንዝ ዳር፣ ባሕር ዛፎቹ ሥር ተቀምጬ ነው። ቤት ብጽፈው እማዬ ለታላቅ እንዲህ አይጻፍም ብላ ትቀደዋለች። እኔን ግን ታላቅ ሰው ሲዋሽ ዝም በይ ያለኝ የለም።

ግልገሏን ለጣቢያው ያስረክቡ።

ሽሎሚት


አዘዞ፣ ጎንደር
መስከረም 25 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተማረችው ለሽሎሚት፣

አዲሱን ዓመት የሰላም ያድርገው ብዬ ልጀምር አልኩና፣ ከአንቺ ጋር ሰላም ከወዴት ይመጣል ብዬ ተውኩት። እዚህ መንገድ ተዘግቷል፣ ኔትወርክም የለም። ይህ ወረቀት ሲደርስሽ ይድረስሽ።

ወጠጤውን ረታሽ፤ ይሁን። አሽትቷት ሄዷል፤ አይቻለሁ።

ግን ነጪትን ማደሪያ አልሽ። ነጪት አምስት ወር ሙሉ ተሸከመች። ሣሩን ያጨድኩላት እኔ ነኝ። ስታምጥ የጮኸችው እሷ ናት፤ እንቁላልሽ አልጮኸም። ግልገሏ ሲርባት የማንን ጡት ትፈልጋለች? የዳልቻን ቆዳ በየቀኑ ግድግዳው ላይ ታየዋለች፤ አልፋው ትሄዳለች። እናት የወለደች ናት፤ የእናቲቱ ባለቤት የልጅቱም ባለቤት ነው። ርቢም የሚለው ይህንኑ ነው።

ዘር፣ ዘር ትይኛለሽ። ዘርን ለእኔ ታስተምሪኛለሽ? እኔና አባትሽ የአንድ አባት ልጆች ነን፤ በአንድ መሶብ በልተን አድገናል። የእሱ እናት ከቤተ እስራኤል ወገን ነበረችና እስራኤል ወጣ። የእኔ እናት የክርስቲያን ልጅ ነበረችና ይኸው ሃያ ዓመት ወደ እስራኤል ለመውጣት ስሜ እስኪጠራ እጠብቃለሁ። አብረውኝ የሚጠብቁት ሁለት ወንድ ልጆቼ ጢም አወጡ። ዘር የሚቆጥር ሰው ሁሉ ለራሱ በሚመቸው በኩል ነው የሚቆጥረው።

አንቺም ለአገሩ ፍየል ሁሉ ሆድ ስትፈልጊ የራስሽ ባዶውን ቀረ። ምናልባት እግዜር የሚልሽ ነገር ይኖረዋል።

አዝመራው


ሐደራ
ጃንዋሪ 21፣ 2024

ለአቶ አዝመራው፣

ደብዳቤዎ የደረሰኝ ጦርነት መሀል ነው። ኢላን ለሚሉኢም፣ ለተጠባባቂ ጦር፣ ተጠርቶ ከወታደሮቹ ጋር ሰሜን ድንበር ላይ ነው። ሳይረን ሲጮህ እማዬን ደግፌ ወደ መጠለያው ደረጃ እወርዳለሁ። ለፍየል የምጣላበት ጊዜ አልነበረም። ቢሆንም የጻፉትን ሳልመልስ ማለፍ አልችልም።

ሕጉን እኔ አላወጣሁትም። ልጅ የእናቱን ዘር ይከተላል። ለፍየልም ለሰውም ይኸው ነው። ይህ ሕግ ሃያ ዓመት ካስቀመጠዎት ከእኔ ጋር ሳይሆን ከእናትዎ ጋር ይሟገቱ።

ሽማግሌ ያስቀምጡ። የሚፈርዱትን እቀበላለሁ።

ስለ ሆዴ ከእንግዲህ አንዲት ቃል እንዳይጽፉልኝ።

ሽሎሚት


አዘዞ፣ ጎንደር
መጋቢት 2 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለሽሎሚት፣

እናቴ ሞታለች። ለመሟገት አትነሳም።

ሽማግሌ ይዣለሁ።

አዝመራው


ሐደራ
ጁላይ 7፣ 2024

ለአጎቴ ለጋሼ አዝመራው፣

እንደምን ከረሙ? አክስቴስ፣ ልጆቹስ? ይህንን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ትቼዋለሁ። ኢላን በደህና ተመልሷል። እማዬ ጉልበቷን ያማታል፤ ሌላው ደህና ነው።

ሽማግሌዎቹ ካልፈረዱ አይድከሙ። ፈርደውም ከሆነ ትታዋለች ይበሏቸው። ግልገሏ የእርስዎ ናት።

ምክንያቱን ልንገርዎ። አክስቴ በጠየቀች ቁጥር ዝም የምለው ዓመታት ሙሉ በሐኪም ስንሞክር ስለነበር ነው። መርፌውን ሆዴ ላይ እየተወጋሁ ጠዋት ሥራ እገባለሁ፤ እዚያም ፍየሎቹን ያንኑ ዓይነት መርፌ እወጋለሁ። በመጨረሻው ሙከራ ሐኪሟ የእንቁላሎቼን ፎቶ ኮምፒውተር ላይ ከፈተችልኝ። ሙያሽ ነው፣ እዪው አለችኝ። አየሁት። ራቁታቸውን ነበሩ። የፍየል ቢሆኑ ኖሮ ሁለተኛ ሳላያቸው እደፋቸው ነበር። ፅንስ ሆነው ማደግ የጀመሩትም ሳይገፉ ቆሙ።

ከዚያ የሌላ ሴት እንቁላል ወሰድን። እኛን የምትመስል ለጋሽ ብትፈለግ አልተገኘችም። ሴትየዋ ከባሕር ማዶ ናት፤ ስሟን አይነግሩንም፤ ነጭ እንደሆነች ብቻ አውቃለሁ። አሁን አምስት ወር ሆኖኛል። ሴት ልጅ ናት። ይህንን የሚያውቁት ኢላንና እማዬ ናቸው፤ አሁን ደግሞ እርስዎ። ለምን ለእርስዎ እንደምጽፍ እኔም አልገባኝም። ምናልባት ከእርስዎ ጋር ከዚህ በላይ የምንጣላው ስላልቀረ ይሆናል።

ራቢ ዘንድ ሄደን ነበር። እንቁላሉ ከአይሁድ ሴት ስላልሆነ ልጅቱ ስትወለድ ጊዩር ታደርጋለች፣ በሥርዓቱ ውኃ ገብታ ወደ ሃይማኖቱ ትገባለች አለን። በደግ ቃል ነው የነገረን፤ አልተቀየምኩትም። መኪና ውስጥ ገብቼ በሩን ስዘጋ ግን ለእርስዎ የጻፍኩት ቃል ነው የመጣብኝ። ልጅ የእናቱን ዘር ይከተላል ብዬ ነበር። እናቱ ማን ናት ብዬ አልጠየቅሁም።

ባለፈው ሳምንት ሐደራ ገበያ ሽንኩርት እየመረጥኩ ሳለ ልጅቱ ተንቀሳቀሰች። የመጀመሪያዋ ነበር። ሰው እየገፋኝ ቆሜ ቀረሁ። ሻጩ አሞሻል ወይ ብሎ ወንበር ሰጠኝ። እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጬ ያሰብኩት ነጪትን ነው።

እርስዎ ልክ ነዎት ለማለት አፌ አይታዘዘኝም፤ ስለ ሆዴ የጻፉትንም አልረሳሁም። ግን ክርክሬ ከረታ እኔም ማደሪያ ነኝ። ስለዚህ አልሟገትም።

ሽሎሚት


አዘዞ፣ ጎንደር
ነሐሴ 20 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለወንድሜ ልጅ ለሽሎሚት ባዬ፣

እንደምን አለሽ? እናትሽ፣ ባልሽ፣ በሆድሽ ያለችውም ጭምር እንደምን አላችሁ? እኛ ደህና ነን።

ደብዳቤሽን አንብቤ አቃጥዬዋለሁ። አክስትሽን ደህና ናት ብቻ ብያታለሁ፤ የቀረውን ስትፈልጊ አንቺው ትነግሪያታለሽ።

ሽማግሌዎቹ ደብዳቤሽ ሳይደርስ ፈርደው ነበር። የፈረዱት ላንቺ ነው። እንደ እርሻ አዩት። መሬቱ የአንዱ፣ ዘሩ የሌላው ሲሆን፣ ምርቱ ሲሰበሰብ ዘር ያቀበለው አስቀድሞ ዘሩን ያነሳል፤ የሚካፈሉት የተረፈውን ነው። እዚህ ግን የተወለደችው አንዲት ስለሆነች የሚካፈሉት የለም፣ እሷው ዘር ናትና ለባለ ዘሩ ትሂድ አሉ። ተናደድኩ፤ ግን ሽማግሌ ያስቀመጥኩ እኔ ነኝና እሺ ብዬ ነበር።

ደብዳቤሽ ሲመጣ ተመልሼ ሄድኩባቸው። ፍርዱ እንደገና ይታይልኝ አልኩ። ሳቁብኝ። ባለጋራህ ትቼዋለሁ ካለች ፍየሏን ይዘህ ግባ፣ ሌላ ምን ትፈልጋለህ አሉኝ። ፍየሏን አይደለም፣ የፍርዱን ቃል ነው የምፈልገው አልኳቸው። አንደኛው፣ አዝመራው፣ ለፍየል ይህን ያህል ምን ያንገበግብሃል አለኝ። ለሚመጣ ሰው ነው አልኩት። ማን እንደሆነ አልነገርኩም፤ እነሱም አልገፉኝም።

በማግስቱ የዳልቻን ቆዳ ከግድግዳ አውርጄ፣ ነጪትንም ግልገሏንም እየነዳሁ ሄድኩ። ግልገሏ አሁን አድጋ ከእናቷ ትከሻ ደርሳለች። ቆዳውን በአንድ በኩል ዘረጋሁት። ነጪትን በሌላው በኩል አሰርኳት። ከዚያ ግልገሏን መሀል ላይ ለቀቅኋት። አንዴ ዞር ዞር አለች፣ ቆዳውን ረግጣ አለፈችና ነጪት ጎን ሄዳ ቆመች። ነጪትም አንገቷን ትልሳት ጀመር።

ሽማግሌዎቹ ለብቻቸው ገለል ብለው ተነጋገሩ፤ ቆዩብኝ። ሲመለሱ ትልቁ እንዲህ ብለው ፈረዱ። መሬትን ባላነሳን ይሻለን ነበር፤ መሬት አያምጥም። ያማጠች እናት ናት።

ይህ የአዘዞ ፍርድ ነው። የእናንተን ራቢዎች እንደማይገዛቸው አውቃለሁ፤ እኔንም ከዚህ አያስነሳኝም። ልጅቱን ውኃ እናግባት፣ ወረቀት እንስጣት ካሉሽ እሺ በያቸው፣ ምንም አትከራከሪ። ሰው መልኳን አይቶ የማን ናት ሲልሽ ግን አንገትሽን እንዳትደፊ። ነጪት ዳልቻ መልክ ያላት ልጅ ስትወጣላት ማንንም አልጠየቀችም።

ግልገሏን ትናንት ራሴ ወስጄ ለእርባታ ጣቢያው ሰጠኋት። ተፈርዶብኝ አይደለም፤ የራሴ ሆና ነው የሰጠኋት። የባለቤቱ ስም ማን ይባላል ሲሉኝ ባዬ አልኳቸው።

ስለ እናቴ የጻፍሽውን አልተውኩልሽም። እኔም የጻፍኩትን ጽፌዋለሁ፤ አይመለስም። በእግርሽ ስትመጪ ፊት ለፊት እንጣላበታለን።

እናንተ ዘንድ ገና ዘር ይቆጥሩ ይሆናል። እኔ ግን ቆጥሬ ጨርሻለሁ። የወንድሜ የልጅ ልጅ ናት።

አጎትሽ አዝመራው